የእማማ አስካለ መክፈቻ

እማማ አስካለ ልጃቸውን ለመቀበል መናኸሪያ መመላለስ የጀመሩት በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ወጥቶ የአዋሳ መንገዶች መድረቅ ሲጀምሩ ነበር። መጀመሪያ ላይ ማንም ልብ አላለውም። ነጠላቸውን አጣፍተው ይሄዳሉ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ሲገባ ራቅ ብለው ይቆሙና የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያያሉ። የመጨረሻው ተሳፋሪ ሲወርድ ረዳቱን ሌላ የቀረ ሰው እንዳለ ይጠይቁታል። የለም ሲላቸው አመስግነው ይመለሳሉ።

ልጃቸው በላይነህ የመንግሥት እርሻ መካኒክ ነበር። በሰባ አራት ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር የጦሩን ከባድ መኪናዎች እንዲጠግን ወደ ሰሜን ተላከ። ሲሄድ ለጥቂት ወራት ነው ተብሎ ነበር። ወራቱ አልፈው ዓመት ሲሞላ እሱ ግን አልተመለሰም። አልፎ አልፎ አጭር ደብዳቤ ይመጣል፤ ደህና ነኝ፣ የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ ይላል፤ የት እንዳለና መቼ እንደሚመጣ አይናገርም።

አዋሳ የቀሩት እናቱና ሚስቱ ናቸው። ሚስቱ ወንጌላዊት የዱራሜ ልጅ ስትሆን በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። አማቷ የመርሐ ቤቴ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ በላይነህ ሄዶ ነው ያመጣቸው። በመጡ ሰሞን ምራታቸውን ብዙም አልወደዷትም። ጠብ አልነበረም፤ ክፉ ቃልም ከአፋቸው አልወጣም። ግን የጾም ድስታቸውን ለብቻ ለይተው ራሳቸው ያጥቡ ነበር፤ ወንጌላዊት ከመተኛቷ በፊት ተንበርክካ ስትጸልይ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አንድ ቀን ለልጃቸው በሹክሹክታ፣ ጥሩ ልጅ ነበረች፣ ምን ያደርጋል ጴንጤ ሆነችብኝ ሲሉት ሰምታለች።

በላይነህ ከሄደ በኋላ እማማ አስካለ መርሳት ጀመሩ። በመጀመሪያ የጎረቤት ስም ጠፋቸው፤ ቀጥሎ ቀኑ ይምታታባቸው ጀመር። አንድ ረቡዕ ወተት ቀድተው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ወንጌላዊት ደረሰችና ብርጭቆውን በቀስታ ያዘች።

«እማማ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አለቻቸው።

አሮጊቷ ደንግጠው ማተባቸውን ጨበጡ። ወተቱንም አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ራሷ የማትጾመውን ጾም ለአማቷ የምትቆጥርላቸው ወንጌላዊት ሆነች። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ወተቱን ከፍ አድርጋ ትደብቃለች፤ ሽሮውን ያለ ቅቤ ትሠራለች። ለብቻ የተለየውንም ድስት እሷ ታጥበው ጀመር። ስለዚህ ነገር አንዳቸውም አንስተው አያውቁም።

የሚኖሩበት ቤት አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ከዋናው መንገድ ዳር ነበር። ቤቱ ከመወረሱ በፊት የአንድ ነጋዴ ፎቶ ቤት ስለነበረ ፊቱ መስተዋት፣ የበሩም ፍሬም አሉሚኒየም ነው። ቀበሌው ቤቱን ለሁለት ከፍሎ የኋላውን ለሌላ ተከራይ ሲሰጥ የጓሮው በር በግንብ ተደፈነ። ስለዚህ መግቢያውም መውጫውም ያው የመስተዋቱ በር ብቻ ሆነ። ወንጌላዊት የመስተዋቱን ታች እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ ቀለም ቀብታዋለች። የበሩ ቁልፍ ግን ያረጀ ነበር፤ ምላሱ አልቆ ጎድጓዳው ውስጥ አይገባም። ማታ ማታ እጀታውን በገመድ ከመስኮቱ ብረት ጋር ያስሩታል። ቀን እንዲሁ ገርበብ ብሎ ይውላል።

እማማ አስካለ የጠፉት በኅዳር ነው። ወንጌላዊት ከሥራ ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። አጠገባቸው ሻይ ቤት ያላት ሙሉጌጥ፣ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ አይታቸው እንደነበረና ከዚያ ወዲያ እንዳላየቻቸው ነገረቻት። መናኸሪያ ሄደች፤ የሉም። ገበያውን ዞረች፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያሉትን ጠየቀች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ዓሣ አጥማጅ በብስክሌቱ ኋላ ጭኗቸው መጣ። በቡሹሎ በኩል ሐይቁ ዳር፣ ቄጠማው ውስጥ፣ ውኃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ቆመው ነው ያገኛቸው። ምን እየሠሩ እንደሆነ ሲጠይቃቸው ጀማ እስኪጎድል እየጠበቁ መሆኑን፣ ወንዙን ተሻግረው ቤታቸው መግባት እንዳለባቸው ነግረውታል። አዋሳ ሐይቅን ያገራቸው ወንዝ መስሏቸው ነበር።

ወንጌላዊት ያን ቀን እግራቸውን በሞቀ ውኃ አጠበች። ጭቃው በጣቶቻቸው መሃል ደርቆ ነበር። እያጠበች አለቀሰች፤ እሳቸው ደግሞ ራሷን እየዳሰሱ ለምን እንደምታለቅስ ጠየቋት። በማግስቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት ደረሰ ወደሚባለው ብረት ሠራተኛ ሄደች።

ደረሰን የምታውቀው በእምነት ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ጀምሮ በየቤቱ እየተሰበሰቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሚጸልዩት አንዱ ነበር። በሩ ቁልፍ እንደሚያስፈልገውና ከውስጥም ሆነ ከውጭ በመክፈቻ ብቻ የሚከፈት እንዲሆን እንደምትፈልግ ነገረችው። ለምን ሲላት፣ በሩ መስተዋት ስለሆነ ሌባ ሰብሮ እጁን አስገብቶ እንዳይከፍት ብላ ነው አለችው። ውሸት አልነበረም፤ እውነቱ ግን ሌላ ነበር። አማቴን ልቆልፍባቸው ነው ማለት ከአፏ አልወጣ አለ።

ደረሰ መጥቶ ፍሬሙን በጣቱ እያንኳኳ አየው። ችግሩ የአሉሚኒየሙ ፍሬም ጠባብና ውስጡ ባዶ መሆኑ ነው። በከተማው የሚገኘው ቁልፍ ሁሉ ለእንጨት በር የተሠራ፣ ሰፊ ሆድ ያለው ነው፤ እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ አይገባም። እንዲህ ያለውን ቁልፍ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ በዚያ ዘመን የለም። ወንጌላዊት ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ደረሰ ትንሽ እንድትታገሠው ለመናትና አዲስ አበባ ለሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር አደራ አለ። ሾፌሩም ከቆይታ በኋላ ከአንድ ከፈረሰ ሱቅ በር ላይ የተፈታ ጠባብ ቁልፍ ከነመክፈቻዎቹ ይዞለት መጣ።

እስከዚያው ወንጌላዊት ሥራ ስትሄድ ሙሉጌጥ በዓይኗ ትጠብቅላት ነበር። ግን ሙሉጌጥም ደንበኛ አላት። አንዳንድ ቀን ሻይ ቀድታ ዘወር ስትል አሮጊቷ መንገዱን አጋምሰው ታገኛቸዋለች።

ደረሰ ቁልፉን ለመግጠም የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በሩን ከማጠፊያው ሳይነቅል፣ አሮጌውን ቁልፍ በካቻቢቴ ፈትቶ አወጣ። አዲሱ ከጎኑ ትንሽ ረዘም ያለ ስለነበረ ፍሬሙ ላይ ያለውን ቀዳዳ ማስፋት ነበረበት። በመዶሻ ቢመታው መስተዋቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተንበርክኮ በሊማ ይሞርደው ጀመር፤ ጥቂት ይሞርዳል፣ ቁልፉን አስገብቶ ይለካል፣ እንደገና ይሞርዳል። ብርማው ብናኝ ጉልበቱ ላይ ይረግፋል።

እማማ አስካለ በርጩማቸውን አስጠግተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ሰው ሲሠራ ማየት ደስ ይላቸዋል። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፤ ነገራቸው። ትንሽ ቆይተው ረሱትና እንደገና ጠየቁት፤ እሱም መጀመሪያ እንደተጠየቀ ሰው አድርጎ መለሰላቸው። ሥራው ሲያስደስተው ሳይታወቀው መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረ። እማማ አስካለ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ጎንበስ አሉና፣ «ልጄ፣ ዝቅ አድርገው። መንገድ ዳር ነን፤ የሚያልፈው ሁሉ ሰው አይደለም» አሉት።

ወንጌላዊት ከውስጥ ሆና ሰማቻቸው። ምጣዱን እየወለወለች የነበረው እጇ ቆመ። እኚህ ሴት ቀኑን ሳያውቁ ውለው፣ መዝሙሩ የማን እንደሆነና ማንን እንደሚያሳስር ግን አውቀዋል። ደረሰም አንገቱን ደፍቶ አመሰገናቸውና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እሳቸው ደግሞ መንገዱን ይጠብቁለት ጀመር።

ቁልፉ ገባ። ብሎኖቹን አጠበቀ፤ በሩን ዘግቶ መክፈቻውን ሲያዞረው የቁልፉ ምላስ ቀጭ ብሎ ጎድጓዳው ውስጥ ተቀመጠ። ከውስጥም ከውጭም ደጋግሞ ሞከረው። ከዚያ ተነሥቶ ብናኙን ከሱሪው ላይ አራገፈና ሁለቱን መክፈቻዎች ይዞ ወደ ወንጌላዊት ሳይሆን ወደ እማማ አስካለ ዞረ። ክፋት ወይም ዘዴ አልነበረውም። የቤቱ ትልቅ ሰው እሳቸው ስለሆኑ ነው። በሁለት እጁ አድርጎ፣ «እማማ፣ ይኸው የቤትዎ መክፈቻ። በሰላም ይክፈቱበት፣ በሰላም ይዝጉበት» አላቸው።

እማማ አስካለ ተነሥተው ተቀበሉት። መረቁት። ወንጌላዊት እጇን ልትዘረጋ ብላ ነበር፤ የአሮጊቷን ፊት ስታይ እጇ ተመለሰ። እዚህ ከተማ ከመጡ ጀምሮ የእሳቸው ነው ተብሎ የተሰጣቸው ነገር እንዳልነበረ ያኔ ገባት። በአገራቸው የጎተራው፣ የሣጥኑ፣ የጓዳው ባለቤት ነበሩ። እዚህ ልጃቸው ቤት የተቀመጡ እንግዳ ናቸው።

እማማ አስካለ መክፈቻዎቹን እያገላበጡ ካዩ በኋላ አንዱን ከቀለበቱ ፈልቅቀው ለምራታቸው ሰጧት።

«አንዱን አንቺ ያዢ፤ ሥራ ውለሽ ደክሞሽ ስትመጪ ደጅ እንዳትቆሚ።»

ሌላውን ማተባቸው ላይ አሰሩት።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ወንጌላዊት ያን መክፈቻ ከአንገታቸው እንዴት እንደምታወርደው ስታስብ ዋለች። ሙሉጌጥ፣ ሲተኙ ፈትተሽ ውሰጂው፣ ነገ አያስታውሱትም ብላ መክራት ነበር። እውነቷን ነው፤ ምናልባት አያስታውሱትም። ግን ተኝተው ሳሉ አጠገባቸው ስትሄድ መክፈቻውን በእጃቸው ጨብጠውት አገኘችና ብርድ ልብሱን አስተካክላላቸው ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት በሩን ከውጭ ቆልፋ ወጣች። መቆለፉ ትርጉም አልነበረውም፤ መክፈቻው ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤት ገብታ የምትጽፈውን ደብዳቤ ሦስቴ አበላሸች። ዓይኗ ላይ የሚመጣባት ቄጠማውና ውኃው ነበር። አራት ሰዓት ላይ አለቃዋን አስፈቅዳ ወጣችና መንገዱን በሩጫ ተያያዘችው።

በሩ ተቆልፏል። ከነጩ ቀለም በላይ አሻግራ ስታይ እማማ አስካለ በርጩማቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ስትከፍት ቀና አሉ።

«ዛሬ መናኸሪያ አልሄዱም፣ እማማ?» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

እማማ አስካለ በጥያቄው ተገረሙ።

«መክፈቻው እኔ ዘንድ ሆኖ? እኔ ወጥቼ ልጄ ቢመጣ ማን ይከፍትለታል?»

ወንጌላዊት እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለችና ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች። እማማ አስካለ ፀጉሯን እየደባበሱ፣ ላብሽ እስኪደርቅ ውኃ እንዳትጠጪ አሏት።

ከዚያ ቀን በኋላ መናኸሪያ አልሄዱም። ጠዋት ምራታቸው ስትወጣ ይሸኟታል፤ በሩን ራሳቸው ይቆልፋሉ። መንገደኛውን ከመስተዋቱ ውስጥ ሆነው ያያሉ። ሙሉጌጥ ሻይ ስታመጣላቸው ማን እንደሆነች ጠይቀው፣ ፊቷን አይተው፣ ከዚያ ይከፍቱላታል። ደረሰ ሲያልፍ እጅ ይነሳቸዋል። በየወሩም ቁልፉ እንዳይደርቅ ዘይት ጠብ ያደርግበታል፤ እሳቸውም የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቁታል።

መርሳቱ ግን አልቆመም። በሰባ ስድስት መጨረሻ ላይ ወንጌላዊትንም በስሟ መጥራት ተዉ። ልጄ ይሏታል፤ ልጃቸው የወለዳት ትምሰላቸው ወይም የራሳቸው ሴት ልጅ፣ አይታወቅም። ስትጸልይ ፊታቸውን ማዞሩንም ረስተውታል። አጠገቧ ተቀምጠው፣ እሷ አሜን ስትል እሳቸውም አሜን ይላሉ፤ ከዚያ በራሳቸው ወግ ያማትባሉ።

በላይነህ የመጣው በሰባ ሰባት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። የመጣውም በአውቶቡስ ሳይሆን በጭነት መኪና ነበር። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች በመኪና ጥገና ላይ እያለ በተነሣ ፍንዳታ ተቆርጠዋል፤ ለሥራ ስለማይበቃ ተሰናብቷል። ፊቱ ከስሎ፣ ጢሙ አድጎ፣ ሌላ ሰው መስሏል። ሚስቱ በጦሩ ፖስታ በኩል በጻፈችለት ደብዳቤ ላይ እማማ ትንሽ ይረሳሉ ብላው ነበር። ከዚያ በላይ እንዲጨነቅ አልፈለገችም።

ደጁ ላይ ደርሶ መስተዋቱን አንኳኳ። እናቱ ከበርጩማቸው ተነሥተው መጡ። እሱ እያለቀሰ ይስቅ ነበር። እሳቸው ግን አልከፈቱም።

«ማንን ፈልገው ነው?» አሉት።

በላይነህ በሕይወቱ እናቱ እርስዎ ብለውት አያውቁም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። በላይነህ ነኝ።»

«በላይነህ የለም፤ ሰሜን ነው ያለው። ባለቤቱ ከሥራ እስክትመጣ እዚያ ዱካው ላይ አረፍ ይበሉ» አሉና የሙሉጌጥን ሻይ ቤት አመለከቱት።

እጁን መስተዋቱ ላይ እንዳደረገ ብዙ ቆመ። ሙሉጌጥ ወጥታ አየችው፤ አወቀችውም። ምን እንደሆነ በጆሮው ነገረችውና ወንጌላዊትን ልትጠራ ሄደች። በላይነህ ዱካው ላይ አልተቀመጠም። እዚያው በሩ ሥር ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እማማ አስካለም በርጩማቸውን አስጠግተው ከውስጥ ተቀመጡ። በመካከላቸው መስተዋቱ ብቻ ነበር። ትንሽ ቆይተው አሮጊቷ ከየት እንደመጣ ጠየቁት። ከሰሜን አላቸው። ዓይናቸው በራ።

«ልጄን ያውቁታል እንዴ? መካኒክ ነው። ረጅም ነው።»

በላይነህ፣ «አውቀዋለሁ። ደህና ነው» አላቸው።

«ይበላል?»

«ይበላል።»

«ብርድ አይችልም እሱ። ከልጅነቱም እንደዚህ ነው።»

«ካፖርት ሰጥተውታል፣ እማማ። አይበርደውም።»

እማማ አስካለ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ወንጌላዊት ከመንገዱ ማዶ ሆና እንዲህ ተቀምጠው አየቻቸው። መንገዱን መሻገር ጀመረች። በላይነህ ነው ያያት፤ ተነሥቶ መንገዱ መሃል አገኛትና መኪና እያለፈ፣ ሰው እያየ፣ ተቃቅፈው ቆሙ። የጎደሉት ጣቶች ጀርባዋ ላይ ሲያርፉ ታወቃት፤ ምንም አልጠየቀችውም። ወደ በሩ ሲጠጉ እማማ አስካለ ከውስጥ ይጠብቋቸው ነበር።

«ይህ ሰውዬ ደግ ሰው ይመስላል» አሏት ለወንጌላዊት። «ከልጄ ዘንድ ነው የመጣው። ግን አንቺ ሳትመጪ አልከፍትም ብዬው ነው። ላስገባው?»

ወንጌላዊት ቦርሳዋ ውስጥ መክፈቻዋ ነበረ። አላወጣችውም።

«ያስገቡት፣ እማማ» አለቻቸው። «የእኛው ሰው ነው።»

ማተባቸውን ከቀሚሳቸው ውስጥ ስበው፣ አንገታቸውን ወደ በሩ አዘንብለው፣ መክፈቻውን አስገብተው አዞሩት። በላይነህ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እንግዳ ይህን ያህል አክብሮት ሲያሳያቸው ደንግጠው፣ ተው ተው እያሉ ከመሬት አነሱት።

ያን ማታ ራት ሲበላ እማማ አስካለ ከእንግዳው አጠገብ ተቀመጡ። ስለ ልጃቸው ያወሩለት ጀመር። ሲወለድ በረዶ ጥሎ እንደነበር፣ አባቱ ስም እስኪያወጡለት እሳቸው ለብቻቸው በሌላ ስም ይጠሩት እንደነበር፣ ነጎድጓድ ሲፈራ እቀሚሳቸው ውስጥ ገብቶ ይተኛ እንደነበር ነገሩት። ያንን ሌላ ስም በላይነህ እስከዚያ ዕለት ሰምቶት አያውቅም። ወንጌላዊት ወጥ ልትጨምር ስትነሣ ባሏ እጇን ያዘና እንድትቆይ ምልክት ሰጣት። እናቱ ጠቅልለው አጎረሱት፤ የልጄ ወዳጅ ነህና ብሉልኝ አይባልም፣ ትበላልኛለህ አሉት። ከእርስዎ ወደ አንተ ተመልሰው ነበር።

በላይነህ በቀኝ እጁ የሚሠራ ሥራ ጋራዥ ውስጥ ተሰጠው፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነ። እናቱ አንዳንድ ቀን እንግዳው ይሉታል፤ አንዳንድ ቀን በሟች ባላቸው ስም ይጠሩታል። እሱም በጠሩት ሁሉ አቤት ይላል። ወንጌላዊት የረቡዕንና የዓርብን ጾም መቁጠሯን አልተወችም።

አንድ ጠዋት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ መስተዋቱን ሲያጥበው፣ በላይነህ ካፖርቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል እማማ አስካለ ከበርጩማቸው ላይ ቀና ብለው ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ትናንት ተለይተውት እንዳደሩ ሁሉ፣ ቆጣ ብለው፣ «በላይነህ፣ ከሳህ እኮ። ምን ሆነህ ነው?» አሉት።

ካፖርቱን አውልቆ አጠገባቸው ተቀመጠ። ያን ቀን ሥራ አልገባም።